የተረፈ ቀለም

የበሩን ቀለም በጥፍሯ ስትፍቅ ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲንቀሳቀስ ሰማች። ፈጥና እጇን ሰበሰበች። በጥፍሯ ሥር የገባችውን ቅራፊ በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች፤ ልማድ ሆኖባት ነው። በሩ ሲከፈት እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ የለበሰ ሴት ብቅ አለች።

«ማንን ፈልገሽ ነው፣ እህቴ?»

«የሚከራይ ክፍል አለ ብለውኝ ነበር።»

«እዚህ? እኛው ራሳችን በጎን እየተኛን!» ሴትየዋ ሳቀች። «ደላላ ከሆነ የነገረሽ የሰጠሽውን ቶሎ አስመልሺ።»

በሩ ላይ የቆመችውን ሴት ጠበቆች «አነፍናፊ» ይሏታል። ሥራዋ ሰዎች የደበቁትን ንብረት መፈለግ ነው። ዕዳ ላለመክፈል በአጎት ልጅ ስም የተገዛ መኪና፣ ወራሽ እንዳያየው የታጠረ መሬት፣ ፍቺ ሲመጣ እንደ ጉም የበነነ ሱቅ። መዝገብ ቤት የምትሄደው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የምትጠይቀው የሚጠግኑትን ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛውን፣ መብራት የሚዘረጋውን፣ ጣሪያ የሚደፍነውን። ሰው ቤቱን ከዳኛ ይደብቃል እንጂ ከሚያፈስ ጣሪያ አይደብቀውም።

የዛሬዋ ባለጉዳይ ግን የገዛ እህቷ ናት። የእህቷ ባል ጎማ ነጋዴ ነው፤ ቤተሰቡም ሰፈሩም ባለጎማው ነው የሚለው። በፍቺው ጉዳይ ፍርድ ቤት ቆሞ «ከለበስኩት ሸሚዝ በቀር የእኔ የምለው የለኝም፤ ሱቁም የባንክ ነው» ብሎ ከማለ ወዲህ፣ እህቷ ልጆቿን ይዛ እናታቸው ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ ነው የምታድረው። ክረምቱ እንደዚያው አለፈ። አነፍናፊዋ የባለጎማውን ወንድሞች፣ የአክስት ልጆች፣ ጓደኞች፣ የጭነት መኪናውን ሹፌር ሳይቀር ፈተሸች። አንድም ነገር አላገኘችም። ጠበቃቸው የንብረቱን ዝርዝር ለፍርድ ቤት የሚያስገባበት የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው። ትናንት ማታ ተስፋ ቆርጣ ልትተኛ ስትል አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ደወለላት። «ከሱቁ ሌላ አንድ ቤት ልኮኝ ያውቃል፤ የውሃ ታንከር አፍስሶበት» አላት።

«ውሃ ብትሰጪኝ?» አለች አሁን። አላስመሰለችም። እውነትም ደክሟት ነበር።

ሴትየዋ ግቢው ውስጥ ካለው ወንበር ላይ ልብስ አንስታ አስቀመጠቻት፤ ውሃ በኩባያ አመጣችላት።

«ግቢው ደስ ይላል። ባለቤቱ ማነው?»

«አንዲት አሮጊት ናቸው። ወርቅ የሆኑ ሴትዮ! ልጃቸው ነው ይዟቸው የሚመጣው፤ ጎማ ነጋዴው። እንደ እንቁላል ነው የሚይዛቸው። ደረጃውን እንኳ ደግፎ ነው የሚያወጣቸው። እኔ የወለድኳቸውን ‘እዩ፣ እናት እንዲህ ነው የምትያዘው’ እላቸዋለሁ፤ ማን ሊሰማኝ።»

«ልጃቸው?» አለች አነፍናፊዋ። የባለጎማው እናት የሞተችው ገና እህቷን ሳያገባ ነው።

«ልጃቸው ነው እንጂ። ‘እማማ፣ እማማ’ ሲል ብትሰሚው!»

«የበሩ ቀለም ግን…»

«ኧረ ተይኝ!» ሴትየዋ አረፋውን ከእጇ አራገፈች። «የሱቁን መደርደሪያ ሲያስቀባ የተራረፈውን ሁሉ ደባልቆ አምጥቶ ነው። እኔ ‘የታማሚ ፊት’ ነው የምለው። ከዚያም የተረፈውን አሮጊቷ ‘ቀለም እንዴት ሜዳ ላይ ይደፋል’ ብለው በጣሳ ይዘውት ሄዱ። ይሄን የመሰለ ቤት ያላቸው ሴትዮ፣ ለጭላጭ ቀለም!»

አነፍናፊዋ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ በሩ ዞራ አየች። ቢጫ ለመሆን ጀምሮ አረንጓዴ ለመሆን ያመነታ፣ መሐሉ ላይ ቡናማነት የጣለበት ቀለም ነው። እንዲህ ዓይነት ቀለም ገዝቶ የሚቀባ ሰው የለም። እሷ ግን ሌላ ቦታ አይታዋለች። በየሳምንቱ ታየዋለች።

አመስግና ወጣች።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ሄደች። መቀመጫ ነበር፤ መቀመጥ አላሰበችም። ያን ሁሉ ጊዜ የእሱን ወገን ስትፈትሽ ነበር። ሥራው የሚያስተምረው እንደዚያ ነው፤ የሚደብቅ ሰው የሚደብቀው በሚያምነው ዘንድ ነው። የሚያምነውን ሰው በእሱ ቤተሰብ ውስጥ ፈለገች። በራሷ ወገን ቤት፣ መስኮቱ ላይ ተደርድሮ ስታየው የከረመችውን ግን አላየችም።

እናቷ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ተቀምጣ የልጅ ሹራብ እየጠቀመች ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚጠቀለለው ፍራሽ ግድግዳውን ተደግፏል። መስኮቱ ላይ የወተት ዱቄት ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ አበባ ተተክሎባቸዋል። ባለፈው ጊዜ እሷና እህቷ በጣሳዎቹ ቀለም ሲስቁ፣ እናቷ «ሰው የጣለው ቀለም ነው፤ አበባው ካላማረረ እናንተን ምን አገባችሁ?» ብላቸው ነበር።

«ምነው በጊዜ?» አለች እናቷ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። «አባረሩሽ እንዴ? ጫማሽን አውልቂና ተቀመጪ እስቲ፤ ሁልጊዜ እንደ መንገደኛ።»

ጫማዋን አላወለቀችም። አንዱን ጣሳ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። መሐረቡን ፈታች። ቅራፊዋን በሁለት ጣቷ ይዛ የጣሳው ጎን ላይ ለጠፈቻት። ቀለሙ ቅራፊዋን ዋጣት፤ የት እንደገባች አይለይም።

የእናቷ መርፌ ቆመ።

«ያቺ ተከራይ ሻይ አፈላችልሽ?» አለች እናቷ።

«ውሃ ሰጠችኝ።»

«ደግ ናት። ልጆቿ ግን አይሰሟትም።»

አነፍናፊዋ ወንበሩን ተደገፈች። በሥራዋ ብዙ ሰው ሲክድ፣ ሲሳደብ፣ ሲያለቅስ አይታለች። እንዲህ ሲያምኑላት ግን አታውቅም።

«ለምን፣ እማዬ?»

«ሲገዛው ምን ጠብ ነበር? ‘ባንክ ሱቁን ቢወስድብኝ ለልጆቹ መጠጊያ ትሁን፤ በእርስዎ ስም ትቀመጥ’ አለኝ። ልጄስ ለምን አታውቅም ስለው፣ ‘እሷ እጇ ክፍት ነው፤ ካወቀች ዛሬውኑ ሸጠን እንብላው ትላለች’ አለ። እጇ ክፍት አይደለም እንዴ? ዋሸ?»

«አልዋሸም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሲጣሉስ?»

«ሲጣሉማ…» እናቷ ሹራቡን ጉልበቷ ላይ አስተካከለችው። «ይታረቃሉ ብዬ ነዋ! ባልና ሚስት ተጣልተው አይቀሩም። መሐላቸው ገብቼ እኔ ነገር ባወጣ፣ ሲታረቁ ማንን ነው የሚጠሉት? እኔን። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።»

«ነቀዘ እኮ፣ እማዬ! ልጅሽ እዚህ፣ እግርሽ ሥር፣ መሬት ላይ ነው የምትተኛው! በየማታው እየተሻገርሻት ነው ሽንት ቤት የምትሄጂው!»

«አትጩሂብኝ። የማላያት ይመስልሻል?»

አልጮኸችም ነበር፤ አሁን ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ኪራዩስ?»

«እሱ ይቀበላል። ለእኔ የመድኃኒቴን ይሰጠኛል።»

«የምን መድኃኒት?»

«የልብ ነዋ። ማን የሚገዛልኝ መስሎሽ ነበር?»

«እትዬ» አለች፤ ታላቅ እህቷን ማለቷ ነው።

«እሷ ደግሞ አንቺ የምትገዢልኝ ይመስላታል።» እናቷ ይህን ያለችው ለወቀሳ አልነበረም። ስለ ሌላ ሰው ቤት እንደምታወራ ነበር የተናገረችው። «ሁለታችሁም አልጠየቃችሁኝም። እኔም አላስቸገርኳችሁም። እሱ ግን ይጠይቀኝ ነበር። ክፉ ቢሆንም ‘እማማ፣ አለቀ ወይስ አለ?’ ይለኛል።»

አነፍናፊዋ ሰው ንብረቱን የት እንዳኖረ ታውቃለች። እናቷ ኪኒኗን የት እንደምታኖር አታውቅም።

ስልኳ ጠራ። ጠበቃው ነው።

«አነፍናፊ፣ ጸሐፊዬ ኮቷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች፤ እኔን እንደ በረኛ እያየችኝ ነው። ዝርዝሩን ባዶ ነው ብዬ ላስገባው?»

«አለ፣ ጋሼ። ቤት አለ።»

«ተመስገን! በማን ስም? በወንድምየው?»

እናቷ ሹራቡን ይዛ አቀርቅራለች። ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ሞከረች፤ ጥርሷ አልበጥስ አላት።

«ከእሱ ወገን አይደለም። ከእኛ ነው።»

ጠበቃው ሳል አለ። ሰውየው ብዙ ቤተሰብ አይቷል፤ ዝርዝር አልጠየቀም።

«እንግዲህ ስሚኝ፣ ልጄ። በሌላ ሰው ስም ያለ ቤት ባለስሙ ካልተናገረ ቋጥኝ ነው፤ እኔም አንቺም ብንገፋው አይነቃነቅም። የአንቺ ወሬ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ወሬ፣ ዳኛው ፊት ወሬ ነው። ባለስሙ ቀርቦ ‘የእኔ አይደለም፣ የእነሱ ነው’ ይላል?»

«አላውቅም።»

«በዝርዝሩ ላይ ላስገባውና ነገ ሰው ይዘሽልኝ ትመጫለሽ? ካልመጣ ግን እህትሽን ውሸታም ነው የሚሏት፤ ጉዳዩንም ሁሉ እናበላሻለን።»

«ትንሽ ይቆዩልኝ፣ ጋሼ። መልሼ ልደውል።»

«ጸሐፊዋን አንቺ አስታርቂኝ» ብሎ ዘጋው።

እናቷ ቀና አለች። «አላገኘሁም በይ።»

«እማዬ…»

«አንድ ቀን ሳታገኚ ብትመለሺ ምን ትሆኛለሽ? ስንቱን አግኝተሻል! ይችን አታግኚያት። ዳኛ ፊት የምቆምበት ጉልበት የለኝም። እሱስ ይሁን፤ ይሰድበኛል፣ መድኃኒቱን ይከለክለኛል። እሷ ግን ከሰማች ልጆቹን ሰብስባ ትወጣለች። የት ትገባለች? እኔስ ይሄን ቤት ብቻዬን ምን አደርገዋለሁ?» ዓይኗ ፍራሹ ላይ አረፈ። «ለእኔ ይሄ ጥሩ ጊዜ ነው። ማታ ስትተነፍስ እሰማታለሁ። እንዲህ ማለት ደግ አይደለም፣ አውቃለሁ።»

አነፍናፊዋ ቅራፊዋን ከጣሳው ላይ በጥፍሯ ልትፈልጋት ሞከረች። ጠፍታለች።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የልጆቹ ቦርሳዎች፣ ቀጥሎ ልጆቹ፣ ከኋላቸው እህቷ ገባች። ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ስለምትውል ፊቷ የተቀቀለ ይመስላል። ቦርሳዋን ሳታወርድ ፍራሹ ላይ ተደገፈች።

«አነፍናፊ፣ አጥንት አገኘሽ?» አለች። ሁልጊዜ የምትጠይቃት እንዲህ ነው። ድሮ ሲጠየቅ ያስቃት ነበር።

መልሱም የታወቀ ነው፤ «ገና አፈሩን እየጫርኩ ነው»። አነፍናፊዋ አፏ ላይ መጥቶላት ነበር። ያንን ብትል ሁሉም እንደ ትናንቱ ይመሻል። ሌላውም መልስ ነበራት፤ እሱ ሥራዋ ነው። ያየችውን በቅደም ተከተል ትናገራለች፤ በሩን፣ ተከራይዋን፣ ቀለሙን፤ ከዚያም ጫማዋን እንዳጠለቀች ወጥታ ወደምትኖርበት ክፍል ትሄዳለች። ሌላ ሰው ቤት ቢሆን ያደረገችው ያንን ነበር።

እህቷ ትጠብቃለች። እናቷ መርፌውን ሹራቡ ላይ ሰክታ እጆቿን አጣጥፋለች፤ ክፍል ፊት እንደ ቆመ ተማሪ።

«ልጆች፣ ጓዳ ግቡና እጃችሁን ታጠቡ» አለች አነፍናፊዋ።

ልጆቹ እየተጋፉ ሄዱ። እሷ ወንበር ሳበች፤ እህቷ አጠገብ ሳይሆን እናቷ አጠገብ፣ ትከሻቸው እስኪነካካ አስጠግታ አኖረችው። ጣሳውን ከጠረጴዛው አንስታ እናቷ ጭን ላይ፣ ሹራቡ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ተቀመጠችና ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች።

«እማዬ የምትነግርሽ ነገር አለ፣ እትዬ» አለች። «ቁጭ በይ። እኔም ዛሬ እዚሁ ነኝ።»