የወሊዩ ሮቃ

መምህር ወልደማርያም ዛፍ ሲያይ የሚሆነውን የሚያጣ ሰው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ዕፅዋት ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ «ሚስት ያላገባው የሚመጥነው ግንድ ስላጣ ነው» እያሉ ያሙታል። ድርቁ አገሩን ባራቆተ ማግስት፣ የአገር በቀል ዛፍ ዘር ፍለጋ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ ቀወት ቆላ ውስጥ የወሊዩን ጫካ ሲያገኝ ቀልዱ እውነት ሊሆን ምንም አልቀረው። ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ አፈሩ አፍጥጧል። ጥንት አንድ ወሊይ፣ የአላህ ወዳጅ የሚባሉ ደግ ሰው፣ በተቀበሩበት ጉብታ ላይ ግን ሮቃው፣ ዋንዛው፣ ሾላው ተጠጋግተው ቆመዋል። የሚነካቸው ሰው የለም፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ቢወድቅ እንኳ ለማገዶ የሚያነሳው አይገኝም።

ወልደማርያም ለዘር የሚሆኑትን፣ ቀጥ ያሉትንና ጤነኞቹን መረጠ። ተማሪዎቹ በኋላ እንዲለዩዋቸው ብሎ ግንዳቸው ላይ ነጭ ቀለም ሊቀባ ቆርቆሮውን ሲከፍት፣ የጫካው ጠባቂ ሼህ አብዱልሃዲ እጁን ያዙት።

«ተው ልጄ። እኔ እዚህ ዱላ ይዤ አልጠብቅም። ሰው የማይነካቸው የአላህ ብቻ ስለሆኑ ነው። ምልክት ካረግህባቸው ሌላ ባለቤት አበጁ ማለት ነው።»

ጥፋቱ የተሠራው ያን ጊዜ ነው። ወልደማርያም ቁጭ ብሎ ሊያስረዳቸው፣ ሊያዳምጣቸውም ይችል ነበር። ግን ፀሐዩ አናቱን በስቶታል፤ ከሽማግሌ ጋር መከራከሩም ታክቶታል። «የመንግሥት ትእዛዝ ነው» አላቸው። ማንም አላዘዘውም። በዚያ ዘመን ይህን ቃል ሰምቶ የሚከራከር አልነበረምና ሼሁ እጁን ለቀቁት፤ እሱም የመረጣቸውን ቀባ።

በዓመቱ ሲመለስ የመንደር ምሥረታው ዘመቻ ቆላውን ይዞታል። ገበሬው ከየጎጡ ተነስቶ ሜዳ ላይ በመስመር ቤት እንዲሠራ ታዟል። ወልደማርያም ከተማሪዎቹ ቀድሞ ጉብታው ላይ ወጣ። ቀለም ያልነካቸው ዛፎች እንዳሉ አሉ። እሱ የመረጣቸው፣ እነዚያ ምርጥ ምርጦቹ፣ ጉቶ ሆነዋል። ከተቀቡት የተረፈው መሀል ላይ ያለው ግዙፍ ሮቃ ብቻ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ሕዝቡ ዱዓ የሚያደርግበት።

በንዴት ወደ ሜዳው ወረደ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሷሊሕ ምሰሶ ሲያስተክል ደረሰበት። «ማነው ይህን የሠራ ጨካኝ?» ብሎ ጮኸበት።

«እኛ ነና የቆረጥን» አለ ሷሊሕ ምንም ሳይደናገጥ። «ምሰሶ አምጡ ተባልን፤ ከየት እናምጣ? የወሊዩን ብንነካ ልጆቻችን አይባረኩም። የመንግሥትን እንጨት ግን መንግሥት ለሚያሠራው ቤት ቆረጥነው። አንቱ ባይቀቡልን ምን ይውጠን ነበር! ትልቁ ሮቃ ለስብሰባ አዳራሹ ነው፤ ነገ እንጥለዋለን።»

ሰውየው የሚያመሰግነው ከልቡ ነበር። የወልደማርያምን አንጀት የቆረጠውም ይኸው ምስጋና ነው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሰዉ መጥረቢያና ገመድ ይዞ ሮቃው ሥር ተሰበሰበ። ሼህ አብዱልሃዲ ቀድመው መጥተው መስገጃቸውን ዘርግተዋል። ወልደማርያምን ሳብ አድርገው በጆሮው፣

«ትእዛዙ የራስህ መሆኑን ያን ቀንም ከዓይንህ አውቄ ነበር» አሉት። «ፈርቼ ለቀቅሁህ። ዛሬ ሁለታችንም አንፍራ። ዋሽቼ ነው፣ የአላህ ነው በል፤ እንኳን ዛፉን ጉቶውንም የሚነካ አይኖርም።»

ወልደማርያም ወደ ሰዉ ዞረ። በመንግሥት ስም ዋሸሁ ማለት ከዚያው ወደ እስር ቤት መሄድ ነው፤ ዘመቻውን የሚመራው ካድሬ እጁን አጣምሮ ቆሟል። እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ካድሬውን አየ። በገዛ ራሱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«ይህ ዛፍ የዩኒቨርሲቲው ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «ለጥናት ይፈለጋል፤ እንዳይቆረጥ!»

ካድሬው ምን ቸገረኝ ብሎ ዞር አለ። ሷሊሕ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ መለሰ፤ ሰዉም ሌላ እንጨት ፍለጋ ተበተነ። ወልደማርያም እፎይ ሊል ሲል ሼሁ መስገጃቸውን ሲጠቀልሉ አየ።

«ምነው ሼህ? ተረፈልን እኮ!»

«ላንተ ተረፈ። እኛ በሰው ንብረት ላይ አንሰግድም፤ ለዱዓችን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።»

«እኔ ፈቅጃለሁ! እንደ ድሮው ይስገዱ።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ምን እንዳለ ገባው። ሼሁ ዞረው አዩት። በዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ ባልከፋው።

«አሁን ደግሞ ፈቃጅ ሆንክ» አሉት። «እንግዲያው ዱላ ይዘህ ጠብቀዋ።»

መስገጃቸውን በብብታቸው ይዘው ጉብታውን ቀስ እያሉ ወረዱ። ከግርጌ ተማሪዎቹን የጫነው መኪና፣ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ፣ ወልደማርያምን በጡሩንባ ይጠራው ጀመር።