የኖርዌይ ስልባቦት

በዐቢይ ጾም ሁለተኛው ሳምንት፣ ናዝሬት ውስጥ፣ የጋሽ መርዕድ የኖርዌይ ሸክላዎች ስልባቦት ማውጣት ጀመሩ። መርፌው ሸክላው ላይ ዐርፎ ሙዚቃው ሲጀምር ሳሎኑ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሁሉ፣ የመጠጥ ውሃም ይሁን የቀዘቀዘ ሻይ፣ ፈልቶ እንደበረደ ወተት ላዩ ላይ ቆዳ ያበጃል። በጣት ሲያነሱት ይንጠለጠላል፣ ሲንጠለጠል ያንጠባጥባል። ስናገረው እንኳ ይቀፈኛል፤ ግን የሆነው ይኸው ነው።

ባለቤቱ ወይዘሮ አጸደ ስልባቦት የሚባል ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ዐይኗ እንዲያየው አትፈልግም። ወተት የምታፈላው ፊቷን አዙራ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች እናቷ በግድ ሊያጎርሷት ሞክረው እጃቸው ላይ አስመልሳባቸዋለች። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት በስተርጅናዋ ውሃ ልትጠጣ ብርጭቆ ብታነሳ፣ ለብ ያለና የሚያዳልጥ ነገር ከንፈሯ ላይ ተለጠፈባት። ብርጭቆውን ከነውሃው ጓሮ ወርውራ፣ አፏን በሳሙና ታጥባ ተመለሰች።

«መርዕድ፣ ውሃው ቆዳ አውጥቷል።»

«አይቻለሁ» አለ ጋሽ መርዕድ ከወንበሩ ሳይነሳ። «የስልሳዎቹ ዓመታት አልበም ነው። የስልሳዎቹ ስስ ነው የሚሆነው።»

ጋሽ መርዕድ የዱሮ መርከበኛ ነው። መርከቡ ኖርዌይ፣ በርገን ወደብ በቆመ ቁጥር ጓደኞቹ መጠጥ ቤት ሲገቡ እሱ ሸክላ ቤት ይገባ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ሲመለስ ያመጣው ሀብት ክንዱ ላይ የተነቀሰው ሰማያዊ መልሕቅና እነዚያ አልበሞች ናቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከየዐሥር ዓመቱ አንድ አንድ የልቡ አልበም አለው፤ ጠያቂ ባይኖርም ይናገራል። ከስልሳዎቹ አንድ ሳክስፎን እንቅልፍ እንዳሸነፈው ሰው ዝግ ብሎ የሚያንጎራጉርበትን ይወዳል። ከሰባዎቹ ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ ጎረምሶች የገጠራቸውን ቫዮሊን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ያጋቡበትን። የሰማንያዎቹ በኪቦርድ ብቻ የተሠራ ነው። የዘጠናዎቹ ልጆች ፊታቸውን ኖራና ጥላሸት ተቀብተው እንደ በሬ ያጓራሉ፣ እሱ ግን ዐይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማቸው። ከዚያ ወዲህ ካለው ደግሞ አንዲት ልጅ ጆሮ ሥር የምታንሾካሹክበት አለ።

ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ሰው አንዱን አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ አብሮት ሰምቶ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ «ጋሽ መርዕድ፣ እስቲ የሰው ዘፈን ክፈትልን» ይለዋል። አጸደም ብትሆን መርፌው ወረድ ሲል እሳት ላይ የረሳችው ነገር ትዝ ይላታል። እሱ አይቀየምም፤ ድምፁን ቀነስ ያደርገዋል።

ስልባቦቱ እንደ አልበሙ ይለያያል። የሰባዎቹ ወፍራምና ቢጫ ነው፣ መሐሉ ጸጉር አለበት። የሰማንያዎቹ ያብረቀርቃል፤ ጣት ላይ ከተጣበቀ በነጭ ጋዝ ካልሆነ አይለቅም። የዘጠናዎቹ ጥቁር ነው፣ እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። የምታንሾካሹከው ልጅ ስልባቦት ጭራሽ አይታይም፤ መኖሩ የሚታወቀው ጉሮሮ ሲደርስ ነው። ሁሉም ደግሞ በናዝሬት ሙቀት እስኪመሽ አይቆይም፣ ይሸታል፣ ዝንብ ይወረዋል። አጸደ አንገሸገሻት። ምግቧን ጓሮ ይዛ እየወጣች መብላት ጀመረች።

ነገሩን ያባባሱት ጎረቤቷ እትዬ ደብሪቱ ናቸው። አንድ ቀን ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ከሻያቸው ላይ ቆዳውን በጣታቸው አንስተው ላሱት።

«ቅቤ ቅቤ ይላል» አሉ።

«ጾም እኮ ነው እትዬ» አለች አጸደ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ።

«እሱማ ይጠየቃላ።»

የሰፈሩ የነፍስ አባት አባ ወልደ ሰንበት ተጠሩ። ስልባቦት የረጋበት ሳህን ቀረበላቸው፣ ወደ መስኮቱ አዘንብለው አዩት።

«ከእንስሳ ነው የሚገኘው?»

«ከኖርዌይ ነው አባ» አለ ጋሽ መርዕድ።

«ኖርዌይ እንስሳ ናት?»

«አገር ናት አባ።»

«ደም አለው?»

«እኔ አላየሁበትም።»

አባ ጠጋ ብለው አሸተቱት፣ ቀና አሉ። «የጾም ነው» አሉ። የቀረበላቸውን ውሃ ግን ሳይነኩ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በሙሉ ከቅዳሴ መልስ በሳህን ውሃ ይዞ ይመጣ ጀመር። ሳህኑን ስፒከሩ ፊት ይደረድራል፣ ከዕድር በመጡት ወንበሮች ላይ ይቀመጣል። ስልባቦቱ የሚጸናው የሸክላው አንድ ገጽ ሳይቋረጥ ሲያልቅ ነው፤ መሐል ላይ ከቆመ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ትንፍሽ ሳይል እስከ መጨረሻው ይሰማል። ጋሽ መርዕድ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ይቆምና ስለ ዕለቱ አልበም ያስረዳል። ሲያልቅ እያንዳንዱ ቆዳውን ከሳህኑ ገፎ፣ ሽሮው ላይ ጣል አድርጎ፣ ጠቅልሎ ይጎርሳል። አጸደ ወጥ ቤት ሆና ማላመጣቸው ይሰማታል። ጆሮዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች፣ ያም አይጠቅማትም።

በሰባዎቹ አልበም ቀን በሩ ላይ ቆማ ነበር። እትዬ ደብሪቱ ከሳህናቸው ያነሱት ቢጫ ቆዳ መሐል ሰማያዊ መልሕቅ ነበረበት። እትዬ ደብሪቱ ልብ አላሉትም፤ ጠቀለሉና ጎረሱት። ዘይቱን ከአገጫቸው ጠረጉ።

አጸደ ባሏን መኝታ ቤት ጠርታ እጅጌውን ሰበሰበችው። ክንዱ እንደ ሕፃን ልጅ ልሙጥ ነው፣ መልሕቅ የለም። ሸሚዙንም ስትገልጥ የጎድን አጥንቱ ላይ ያለው ቆዳ ከመሳሳቱ የተነሳ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይታያል።

«እየበሉህ ነው መርዕድ።»

«እየሰሙም ነው» አለ። «አጸደ፣ የዘጠናዎቹን እንኳ እስከ መጨረሻው ሰሙት።»

ሳሎን ገብታ ለጎረቤቶቿ ነገረቻቸው። «የምትበሉት ባሌን ነው» አለች። አንዳንዱ ማላመጡን አቆመ። በመጨረሻ እትዬ ደብሪቱ «እንግዲያ ጾሙን አፍርሰናል ማለት ነው?» አሉ፣ ሰውም ደነገጠ። አባ ወልደ ሰንበት እንደገና ተጠሩ።

«ሰውየው ይጾማል?» ብለው ጠየቁ።

«ይጾማል አባ።»

«ከጾመኛ የወጣ የጾም ነው።»

ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ ሳህኑን ሳበ።

አጸደ ተናደደች። በማግስቱ የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ ነቅላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ጎረቤቶቿ ባዶ ሳህናቸውን ይዘው ተመለሱ፣ እሷም ደስ አላት። ጋሽ መርዕድ ግን ማታውን መድረቅ ጀመረ። ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ ጀርባው ዝናብ እንዳጣ ማሳ ተሰነጣጠቀ፣ አንሶላው ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር ይረግፍ ጀመር። መርፌዬን አምጪ አላላትም። ይህ አለማለቱ ነው ያሸነፋት። ቅርፊቱን በመጥረጊያ ሰብስባ፣ ጓሮ ወጥታ አስመልሳ፣ መርፌውን በገዛ እጇ መለሰችው።

ፋሲካ ደረሰ። ጋሽ መርዕድ ከቀትር በኋላ ወንበሮቹን ደረደረ። ብርሃን ያሳልፍ ስለነበር በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ የግቢው ግንብ በደረቱ ውስጥ ይታያል። የሰው ሳህን ስላልነበረ የራሳቸውን ትልቅ ሳህን ውሃ ሞልቶ ስፒከሩ ፊት አስቀመጠ።

«የሚመጣ የለም» አለች አጸደ። «ሰው ዶሮውን ትቶ፣ ቅቤውን ትቶ፣ ያንን ሊበላ አይመጣም። ጾሙ ተፈታ እኮ።»

«እትዬ ደብሪቱ ይመጣሉ።»

«እትዬ ደብሪቱ በግ አርደዋል።»

«የስልሳዎቹን ነው የማስሰማው» አለና መርፌውን አወረደው። አጸደም እንደ ልማዷ እሳት ላይ ያለ ነገር ትዝ ብሏት ወጥ ቤት ገባች።

እሳት ላይ ምንም አልነበረም። ስትመለስ የተተኮሰው ሸሚዝና ሱሪው ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ውስጣቸው ሰው የለም። ሳህኑ ላይ ነጭ ቆዳ መርጋት ጀምሯል። መሐሉ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። አንድ ዝንብ ጠርዙ ላይ ዐርፋለች። ሙዚቃው ገና አጋማሹ ነው።

አጸደ ዝንቧን አባረረች። ሌላ መጣች፣ እሷንም አባረረች። ከጎረቤት ሳቅና የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል፤ የሚጠራ ሰው የለም፣ ቢጠራም አሁን የጠገበ ነው። ሲመሽ ይሸታል፤ ዛሬ ካልተበላ ነገ የሚደፋ ነገር ነው የሚሆነው። መርፌውን አታነሳው፣ ይበጣጠሳል። ልብሱን ወደ ጎን አድርጋ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የምታባርረው ዝንብ ስለነበረ መነሳት አልቻለችም፣ ስላልተነሳችም ገጹን ከዚያ እስከ መጨረሻው ሰማችው። አላማራትም። ሳክስፎኑ አፍንጫው የተደፈነ ሰው ይመስላል አለች በሆዷ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ወደ መጨረሻው፣ እግሯ ሳታዘው መሬቱን ነካ ነካ አደረገ።

የሸክላው ገጽ አለቀ። አጸደ እጇን ታጠበች። ቆዳውን ከዳር ዳር በጣቶቿ አላቀቀችው፤ ሞቀ፣ አዳለጠ፣ አይበሉባዋ ላይ ተጠመጠመ። መውደድ መጸየፍን ያስረሳል የሚል ካለ ይዋሻል፤ ፊቷን አዙራ፣ ዐይኗ እንባ እየሞላ ነው ያጠፈችው። በአንድ ጉርሻ አልሄደላትም። የመጀመሪያው ወደ ላይ ሲመለስባት አፏን በመዳፏ አፍና መልሳ ዋጠችው። ሁለተኛውን ሳታላምጥ ለቀቀችው። ከዚያ የሳህኑን ጠርዝ በጣቷ ዞራ፣ የቀረውን ላሰች፤ ለዝንብ የተረፈ አልነበረም።

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ማጫወቻው ቆሟል፣ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፣ አጸደ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሆዷ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከወንበሩ ተነሳ፣ ሸክላውን ወደ ሌላው ገጽ ገለበጠው።