አራት ቁጥር ጭነት

ወልድያ ኮምፒውተር ስንማር በረከትና እኔ ለመመረቂያ ሥራችን አንድ የትራንስፖርት ጌም መረጥን። ሰው ሳይነካው በጌሙ ውስጥ የጭነት መኪና የሚገዛ፣ መንገድ የሚዘረጋ፣ ዕቃ የሚያመላልስ ፕሮግራም መጻፍ ነበረብን። በረከት ላፕቶፕ ስላልነበረው በእኔው ይጽፍ ነበር።

የእሱ ድርሻ ጭነቱን መለየት ነው። ጌሙ እያንዳንዱን የጭነት ዓይነት የሚያውቀው በቁጥር ነው። የሱ ፕሮግራም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጌሙን እየጠየቀ፣ የትኛው ቁጥር ከብት፣ የትኛው ደብዳቤ እንደሆነ በስም ያጣራል። እኔ ግን ያ ሁሉ መስመር ትርፍ መሰለኝ።

"አራት ቁጥር ከብት ነው፤ አለቀ" አልኩት።

"እዚህ ካርታ ላይ ነዋ፣ ሀስና! ካርታው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። ስሙን ይጠይቅ።"

እሺ አልኩት። ቅዳሜ መርሳ ቤተሰቦቹ ጋ ሲሄድ ግን የጻፈውን አጥፍቼ ቁጥሮቹን ብቻ ተካሁ። ስሞክረው ከብቱን ጭኖ ሄደ። ለበረከት አልነገርኩትም።

ሥራችንን ባቀረብንበት ቀን መምህራችን አቶ ንጉሴ ሌላ ካርታ ከፈቱ፤ የበረሃ አገር። መኪኖቹ ከብት እርባታው በር ላይ ተሰልፈው ቀሩ፤ አንዱም አልጫነም። በዚያ ካርታ አራት ቁጥር ፍራፍሬ ነበር።

"ጭነት የሚለየውን ክፍል ማን ጻፈው?" አሉ።

በረከት ስክሪኑን ጠጋ ብሎ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"በረከት ነው" አልኩ።

ቃል አልተነፈሰም። እኔ አለፍኩ፤ እሱ ዓመቱን እንዲደግም ተባለ። አልተመለሰም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለዘመድ ሠርግ መርሳ ስሄድ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ሲጠግን አገኘሁት።

"በረከት፣ ያን ቀን..."

"አውቃለሁ" አለኝ፣ ከያዘው ስልክ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። "የራሴን ጽሑፍ አላውቅም እንዴ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ። በማግስቱም ጠበቅኩሽ፤ በሳምንቱም።"

ወልድያ እንደተመለስኩ አቶ ንጉሴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። "ይምጣና እንደገና ያቅርብ" አሉ። ወዲያው ደወልኩለት።

"እግዜር ይስጥሽ" አለ በረከት። "አሁን ግን ሱቁን ለማን ትቼ? ልጅም ወልጃለሁ።" ከዚያ "ስልክሽ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ስትመጪ አምጪው፣ አየዋለሁ" አለኝ።

እስከ ዛሬ አልወሰድኩለትም።