የኤዶ ዐስሊ መደበቂያ

ከሐርላ መንደር ጅብ በኮንትራት አሳፍሬ መጣሁ ብዬ ግማሽ ሰፈር ያሳመንኩ ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ እኔ ገዲ። ያን ቀን ግን እውነት ይዤ የሚያምነኝ አጣሁ።

ነሐሴ ነው። ጦርነቱ ወደ ጅቡቲው መንገድ እየገፋ ነው እየተባለ ድሬ በወሬ ትታመሳለች። ከቀትር በኋላ የጦር አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ። ወዲያው ፊልሳን እየሮጠች መጣች። አማቷ ዐስሊ፣ ሁላችንም እንደ አክስት ኤዶ የምንላት ጨርቅ ሻጭ፣ ሱቁን ከነደንበኛው ጥላ ጠፍታለች።

የት እንደሄደች ገባኝ። በሶማሊያው ጦርነት ቤቷ በቦምብ ሲፈርስ፣ እሷ አራስ ልጇን አቅፋ ደቻቱ ወንዝ ድልድይ ሥር አሸዋ ቆፍራ ተኝታ ነበር። ደረቁ ወንዝ አተረፋት። አሁን ግን ክረምት ነው፤ ደቻቱ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከተራራው ጎርፍ ይዞ ይመጣል። ተራራው ደግሞ ጠቁሯል።

ባጃጄን ዳገቱ ላይ አቁሜ ወረድኩ፤ ድልድዩ ሥር ጉድጓዷን ቆፍራ፣ ሻሿን ተከናንባ አገኘኋት። ጎርፍ እየመጣ ነው አልኳት።

«አምና ደቻቱ ዓሣ አመጣ ብለህ ባልዲ አስይዘህ አውርደኸኛል» አለችኝ። «ይልቅ ዝቅ በል፣ አውሮፕላኑ ይመለሳል።»

ብጎትታት የድልድዩን ምሰሶ አቅፋ እምቢ አለች። እርጥብ አፈር የሚሸት ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ። ከእግሬ ሥር አሸዋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወላሂ፣ እውነቱ አልሠራም፤ ወደ ልማዴ ተመለስኩ።

«ኤዶ፣ ወታደሮቹ ድልድዩ ላይ ፈንጂ አጥምደዋል።»

ቀና ብላ ድልድዩን አየች። ምሰሶውን ለቀቀች።

«ልጁስ?»

ልጁ ፊልሳንን አግብቶ ሲኖትራክ የሚነዳ ጎልማሳ ነው።

«ላይ ነው። ፊልሳን ይዛዋለች።»

ዳገቱን በአራት እግራችን ወጣን። ገና ሳንቀመጥ ቀዩ ውኃ ግንድና የፍየል በረት እያንከባለለ ደረሰ፤ ጉድጓዷን ዋጠው። ኤዶ ሸሚዜን ጨምድዳ እንደያዘች ቆማ አየችው።

«ድልድዩ አልፈረሰም» አለች።

«አልፈረሰም።»

አውሮፕላኑ ተመለሰ። ኤዶ ወደ ወንዙ ዞረች፤ ውኃ ብቻ ነው። ወደ እኔ ዞረች።

«አሁንስ የት ልግባ?»

ባጃጄ ውስጥ አስገብቼ የጎኑን ሸራ አወረድኩላት።

«አውሮፕላን ባጃጅ አያይም፣ ኤዶ።»

«ውሸታም» አለችኝ ከውስጥ፤ ግን ጎንበስ ስትል ሰማሁ።