ሁለቱም አንደኛ የሆኑ ወፍጮዎች

እናቴ ጥላነሽ ሮብ ገበያ ላይ ሁለት ወፍጮ አላት፤ አንዱ የጤፍ፣ አንዱ የገብስ። ሃያ ዓመት ሙሉ የማገችው ብናኝ ሳንባዋን ይዞት፣ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ወፍጮ ቤት ከገባሽ አትተርፊም» አላት። እሷም «እሺ» ብላው ከማርቆስ ከተማ እንደተመለሰች ቀጥታ ወፍጮ ቤት ገባች። እናቴ እንዲህ ናት።

አጎቴ ደመላሽ፣ ወንድሟ፣ የቤት መብራት ዘርጊ ነው። «በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ሞተሮቹን ታዛቸዋለች» አለ። ለየሞተሩ አንድ አንድ መቆጣጠሪያ ሳጥን፣ ለእሷ በጣት የሚነካ ስክሪን፣ በመሃል የመልእክት ሽቦ። ሽቦው ሞተር አያዞርም፤ ወሬ ብቻ ነው የሚያመላልሰው። እንዲህ ያለ ወሬ አመላላሽማ ሰፈራችን ሞልቷል፤ ልዩነቱ የሰፈራችን ሁለት እግር ያለው መሆኑ ነው።

እኔና አጎቴ ማርቆስ ወርደን ሰውነት የሚባል የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ገባን።

«ባለ 232 ነው ባለ 485 የምትፈልጉት?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አልሁት።

«የሚነጋገሩበት መንገድ ነው።»

«ሁለቱም ሽቦ አይደሉ እንዴ?»

«ናቸው።»

«ታዲያ?»

ሰውነት ተናደደ። «ስንተኛ ክፍል ነሽ አንቺ?»

«አምስትን ጨርሻለሁ። አንተስ?»

አጎቴ እግሬን ረገጠኝ። ሰውነት ግን ሳቀና አስረዳን። 232 ማለት ሁለት ሰው ጆሮ ለጆሮ ሲንሾካሾክ ነው፤ ርቀት ይገድለዋል። 485 ግን ከወንዝ ማዶ እንደ መጣራት ነው፤ በአንድ መስመር ላይ ብዙዎች ይሰሙታል። ከበረንዳችን እስከ ወፍጮ ቤቱ አርባ ሜትር ነው፤ ሞተሮቹ ደግሞ ሁለት። 485 ገዛን። ግማሹ ገባኝ፤ ግማሹን እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅሁበት።

ማክሰኞ ዕለት ዘረጋነው። ሽቦው ከስክሪኑ ወደ ጤፉ ሳጥን፣ ከዚያ ወደ ገብሱ ሳጥን፤ «ኤ» የሚል ጫፍ ከ«ኤ»፣ «ቢ» የሚል ከ«ቢ»። በመጨረሻ አጎቴ «ለየሳጥኑ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ጤፉን አንድ፣ ገብሱን ሁለት እንበለው» አለ።

እናቴ ከበረንዳ ጮኸች። «ምን አልህ? ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ይታይ የለም እንዴ! ገብሱን ሁለተኛ ብዬ ገብስ አምጪውን የጮቄን ሰው ላስቀይም? ‹የእኛ እህል ከጤፍ ያንሳል ወይ?› ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ሁለቱንም አንድ በላቸው!»

ታላቅ እህቱ ነች፤ ሁለቱንም አንድ አላቸው።

በነጋታው ገበያ ነው፤ ሰው ጆንያውን ይዞ ተሰለፈ። የጤፉን ሳጥን ብቻ ስናበራ ታዘዘ። የገብሱን ብቻ ስናበራ ታዘዘ። ሁለቱን አንድ ላይ ስናበራ ስክሪኑ ቀይ ጽሑፍ አወጣና ዝም። አጎቴ «ኤ»ን ከ«ቢ» ቀያየረ፤ ባሰበት። መለሰ፤ ያው። ለየብቻ ጨዋ የሆኑ ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ እንዴት ይበላሻሉ?

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ማሰር ጀመረች። «በቃ፣ ሰው ቆሟል። ልግባ።»

«አትገቢም!» ብዬ ለሰውነት ደወልሁ።

«ቁጥራቸውን ስንት ስንት አደረጋችሁ?»

«አንድ አንድ።»

«ሁለቱንም?»

«የጮቄ ሰው እንዳይቀየም።»

«የጮቄ ሰው ሽቦው ውስጥ ምን ያደርጋል? ስክሪኑ ‹አንድ!› ሲል ሁለቱም እኩል ‹አቤት!› ይላሉ፤ ድምፃቸው ይደባለቅና ምንም አይሰማም። ለያዩዋቸው!»

አጎቴ «ገብሱን ሁለት ላድርገው» አለ። «አይሆንም!» አለች እናቴ። «ጤፉን ሁለት ላድርገውስ?» «የአምበር ጤፍ አምጪ ደግሞ አፉን ሊከፍትብኝ ነው?»

«የግድ አንድና ሁለት ነው ወይ?» አልሁ ስልኩ ላይ።

«አይደለም፤ አይመሳሰሉ እንጂ የፈለግሽውን ስጪ።»

«እንግዲያው ጤፉ አሥራ ሁለት፣ ገብሱ ሃያ አንድ። በሚካኤልና በማርያም የሚቀየም ካለ ይምጣ!»

እናቴ አማተበች።

አጎቴ ቁጥሮቹን ሳጥኖቹም ስክሪኑም ላይ አስገባ። እናቴ ሃያ አንድን ነካች፤ ገብሱ ተነሣ። አሥራ ሁለትን ነካች፤ ጤፉም ተነሣ። ሰልፈኛው እልል አለ። እሷ ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታ መንገድ ጀመረች።

«ወዴት ነው?»

«ዱቄቱን በጣቴ ሳልዳስሰው መላሙን በምን አውቃለሁ?»

ይህን ማንኛችንም አላሰብነውም። ለጣቷ የሚሆን ሽቦ ሰውነት ዘንድ የለም። ፊቷ ቆምሁ። «ተቀመጪ፤ ዱቄቱ ራሱ ይመጣልሻል።»

ሻርፔን አፌ ላይ ጠምጥሜ ገባሁ፤ የገብሱን ዱቄት በመዳፌ ይዤ ወጣሁ። ዓይኗን ጨፍና በአውራ ጣቷ አሸችው።

«ሻካራ ነው።» ስክሪኑን ነካች፤ ከማዶ የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ። «አሁንስ?»

አርባ ሜትር ሄጄ አርባ ሜትር ተመለስሁ። የሚያወሩት ሳጥኖቹ፣ የምሮጠው እኔ።

«ትንሽ ይቀረዋል» አለች፤ ተደላድላ ተቀመጠች።

እንደገና ሮጥሁ።