ቁም ሳጥን ውስጥ የተጸለየ ጸሎት

አናጢው ቁጣው የጭድ እሳት ነው፤ ቦግ ይላል። የሰፈሩ ሰው «ክብሪት» የሚለውም ለዚህ ነው። ሆዱ ደግ ነው፤ ምላሱ ግን ከመጋዙ ይብሳል። ከተናገረ በኋላ ሲጸጸት እህል አይወርድለትም። ቢጨንቀው ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ። እሳቸውም ሳቅ ብለው፣

«ሲንተከተክብህ በርህን ዝጋና መጀመሪያ ለእግዚአብሔር ንገረው። ሳታሳምር፣ እንደመጣልህ። እሱ አይቀየምህም» አሉት።

በዚያው ሳምንት አናጢው እንጨት ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ፣ አብሮት የሚሠራው የሚስቱ ወንድም ጥርስ በጥርስ ሆኖ ጠበቀው። ለሙሽሮች የታዘዘውን ቁም ሳጥን ብቻውን ገጣጥሞ፣ በሙጫ አጣብቆ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ ጨርሶታል። ፊት ያሳያል! እንከኑ አንድ ብቻ ነው፦ ከወርክሾፑ በር ይሰፋል። በቁመት ሞከሩት፣ በጎን ሞከሩት፤ ወይ ፍንክች!

«ላስደስትህ ብዬ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

የአናጢው ደም ፈላ። ስድቡን ሊለቀው አፉን ከፈተና የቄሱ ምክር ትዝ ሲለው መልሶ ገጠመው። የሚዘጋ በር ፈለገ። ወርክሾፑ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ በሩም ደንበኛ የሚገባበት ነው። ዞር ዞር ብሎ አየና ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ዘጋው።

«ጌታዬ!» ሲል ድምፁ በርሜል ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። «ይህን ሰው የፈጠርከው አንተ ነህ፤ አልካድኩም። ግን ምን አስበህ ነው? ሜትር ገዛሁለት፤ እንደ ሐብል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይዞራል!»

«አሜን» አለ የሚስቱ ወንድም ከውጭ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ባለፈው ወንበሩን ከወለሉ ጋር በምስማር መታው!»

«እውነት ነው። አሜን።»

«እህቱን ባልወዳት ኖሮ…!»

«አሜን፣ አሜን!»

የቁም ሳጥኑ በር ከውስጥ ተንኳኳ።

«አንተ… እየሰማህ ነው እንዴ?»

«ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ነው፣ ጋሼ። ቀጥል፤ የመሰላሉን ነገር አልነገርከውም።»

መጀመሪያ ቁም ሳጥኑ ተነቃነቀ፤ ቀጥሎ ከውስጡ ሳቅ ፈነዳ። የሚስቱ ወንድም በሩን ሲከፍተው አናጢው ሆዱን ይዞ፣ እንባው እየወረደ ተቀምጧል።

«ቆይ፣ ለመሆኑ ከመግጠምህ በፊት ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ትቆጣለህ ብዬ ነዋ!»

ይሄኛው ልቡ ድረስ ገባ። እዚያው እንደተቀመጠ ዓይኑን ጨፈነ። «ጌታዬ፣ እኔን ማረኝ። እሱን ባርከው፤ ቫርኒሹንስ አሳምሮታል።»

«አሜን!» ያሉት አብረው ነው።

ከዚያ መዶሻና ጉጠት አንስተው የገዛ በራቸውን መቃን መንቀል ጀመሩ። ምስማር በተነቀለ ቁጥር ሳቃቸው ይመጣል። የሙሽራዋ እናት በጭነት መኪና ስትደርስ፣ ሁለት ጎልማሶች አቧራ ለብሰው ግድግዳ ተደግፈው ሲንፈቀፈቁ አገኘቻቸው።

«ምነው፣ ሌባ ገባባችሁ?»

«ኧረ የሚወጣ ነው ያለን፣ እናቴ!» አለ አናጢው።

ነገሩን ሲያስረዷት እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ተጋግዘው ጫኑት። ሁለቱ ከኋላ ተሳፍረው፣ ቁም ሳጥኑን ግራና ቀኝ ደግፈው መዝሙር እያዜሙ ሲያልፉ፣ የአናጢው ሚስት ከደጇ ሆና አየቻቸው።

«ደግሞ ዛሬ ምን ነካችሁ?» ብላ ጮኸች።

ለመመለስ አፋቸውን ቢከፍቱ፣ የወጣው ሳቅ ብቻ ነበር።