በጦርነት የተገኘች አማት

ቱና ዓሣ ልናጠምድ በወጣንበት ጠዋት ነው ያገኘናቸው። በእኛ በሾርትላንድ ደሴቶችና በተራራማዋ የቡገንቪል ደሴት መካከል ባለው ባሕር ላይ አንዲት ታንኳ ባለችበት እንደ እንዝርት ትሾራለች። ወንዱ በቀኝ በኩል ይቀዝፋል፤ ሴቲቱም በቀኝ በኩል ትቀዝፋለች። ሁለት ሕፃናት የገባውን ውሃ በጣሳ ይጨልፋሉ። መካከል ላይ አንዲት አሮጊት ጆንያ አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች።

"የተራራ ሰዎች ናቸው" አለ አጎቴ ፒታሉ፣ የጀልባችንን ሞተር እያበረደ። "ውሃ የሚያውቁት ከጣራ ሲንጠባጠብ ነው።"

ፒታሉ የጎሳችን አለቃ ነው። በባሕር ሥራ የሚስተካከለው አልተወለደም፤ ማዕበል ገና ሳይነሳ በአፍንጫው ያውቀዋል። አፉን የሚስተካከለው ደግሞ ባሕርም ላይ የብስም ላይ የለም። ቀብር ላይ ያወራል፣ ቅዳሴ ላይ ያወራል። ውሃ ውስጥ ጠልቆ ሲወጣ እንኳ ከታች የጀመረውን ወሬ ነው የሚጨርሰው እንላለን።

ማዶ፣ ቡገንቪል ላይ፣ ጦርነት ከገባ ዓመት አልፎት ነበር። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር የተኩሱን ድምፅ እንሰማለን። ልጆቻችን "ነጎድጓድ ነው?" ይሉናል፤ እኛም "ነጎድጓድ ነው" እንላቸዋለን።

ፒታሉ ገመድ ወረወረላቸውና ከሰላምታ በፊት ተግሣጽ ጀመረ። "አንተ ሰው፣ ሁለታችሁም በአንድ ወገን እየቀዘፋችሁ ታንኳዋ የት እንድትደርስ ነው? የራሷን ጅራት እንድትይዝ?"

"ይቅርታ" አለ ሰውየው፤ ከድካም የተነሳ ድምፁ አይወጣም። "አሎይስ እባላለሁ። አናጺ ነኝ።"

"ምን ትሠራለህ?"

"ቤት።"

"ጎበዝ። ቤት የትም አይሄድም።" ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረ። "ጆንያው ውስጥ ያለው ምንድን ነው፣ እማማ? ታንኳዋን እያሰመጣት ነው።"

"የሚተከል ጎደሬ ነው" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

"ሰው ነፍሱን ይዞ ይሸሻል፣ እርስዎ ጎደሬ ይዘው ይሸሻሉ?"

"ነፍሴ ምን በልታ ልትኖር?"

እኔ ሳቄን በእጄ ያዝኩ። ፒታሉ ገመዱን ከጀልባችን ኋላ አሰረ። እስከ ቤት ድረስ ስለ ቀዘፋ፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ አያቱ ታንኳ እያወራ ጎተታቸው።

ሚስቱ ፊሎሜና በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። እንግዶቹን አየች፤ ቀጥላ ባሏን አየችው።

"ዓሣው የታለ?"

"ይኸውልሽ" አላት፣ አምስቱንም እያሳየ። "ከባሕር ያወጣሁት እኔ ቤት ነው የሚያድረው።"

እንዲህ ሆኖ ገቡ። አሎይስ፣ ሚስቱ ሩፊና፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና የሩፊና እናት ኦናንኮ። መንደሩ ሁሉ ወጣ፤ አንዱ ምንጣፍ፣ አንዱ ድስት፣ አንዱ የተጠበሰ ዓሣ ይዞ መጣ። ኦናንኮ በማግስቱ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጥሻ መነጠረችና ጎደሬዋን ተከለች። ማንንም አላስፈቀደችም።

ችግሩ ማታ ማታ ነበር። ፒታሉ አዲስ ሰሚ አገኘ። እኛ ታሪኩን ሁሉ ስለምናውቀው ሲጀምር ተነስተን እንሄዳለን፤ ስደተኞቹ ግን የሚሄዱበት የላቸውም። ከመጀመሪያዋ ታንኳ ጀምሮ አባት በአባት፣ ማዕበል በማዕበል ይተርክላቸዋል። አሮጊቷ እንቅልፍ ሲወስዳት ዝም ብሎ ይጠብቃታል፤ ስትነቃ ካቆመበት ይቀጥላል።

"ልጄ" አለችኝ አንድ ቀን ኦናንኮ፣ አትክልቱ መካከል ቆማ፣ "ይህ አጎትህ ሲወለድም እንዲህ ነበር?"

"እናቴ እንደምትለው ሳያለቅስ ነው ያወራው።"

"ማዶ ጥይት ነበር" አለች፣ መቆፈሪያዋን መሬት ላይ እየተከለች። "ጥይት ግን አንዳንዴ ያልቃል።"

ዝናቡ ሊገባ ሲል አንድ የጥበቃ ጀልባ ወደ ባሕር ዳርቻችን መጣ። ከማዶ የተሻገሩ ሰዎችን ይዘው ለመመለስ የሚፈልጉ ወታደሮች ናቸው። ሰዉ ሁሉ ዳርቻው ላይ ተሰበሰበ። እኛና ማዶዎቹ በመልክ አንለይም፤ ከሰል ከከሰል ማን ይለያል? አነጋገር ግን ይለያል። ስለዚህ መኮንኑ እየዞረ ሰውን ያነጋግር ጀመር። ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆነ ሰው ነው፤ ክፉ አይመስልም፤ የታዘዘ ይመስላል። ኦናንኮ ፊት ሲደርስ ቆመ።

"እማማ፣ የማን ነዎት?"

ኦናንኮ አፏን ልትከፍት ስትል ፊሎሜና ቀደመቻት። "እናቴ ናት። ጆሮዋ አይሰማም። ይህቺ እህቴ ናት፣ ያ ባሏ ነው፣ እነዚያ ልጆቻቸው ናቸው።"

"እናትሽ?" መኮንኑ አሮጊቷን አየ፣ ፊሎሜናን አየ፣ ከዚያ ፒታሉን ፈልጎ አገኘው። ፈገግ አለ። "እንግዲያው አለቃ፣ ለእርስዎ አማትዎ ናቸው ማለት ነው። ስማቸውን ይንገሩኝና ልሂድ።"

በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ የአማቱን ስም አይጠራም። ፊቷን አያይም፣ በፊቷ አይበላም፣ ድምፁን አያሰማትም፤ ስታልፍ ጎንበስ ይላል። ይህን የማያውቅ የጠረፍ ሰው የለም፤ መኮንኑም የጠረፍ ልጅ ነበር። ፒታሉ ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት እንኳ "ኦናንኮ! ኦናንኮ! ዓሣዬን የት ደበቁት?" እያለ መንደሩን ሲያናውጥ ነበር።

አፉ ተከፈተ። ሁላችንም ያንን አፍ እናያለን። ሩፊና ልጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። እኔ በልቤ ለማርያም ተሳልኩ።

አፉ ተዘጋ።

ፒታሉ ጀርባውን አዞረ፤ ጎንበስ አለ፤ እንዲያ እንደ ጎበጠ በሕዝቡ መካከል አልፎ ታንኳ ማሳደሪያው ጀርባ ገባ። አንድ ቃል አልወጣውም። በልጅነት ተረታችን እንኳ እንዲህ ያለ ተአምር ሰምተን አናውቅም።

መኮንኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እውነተኛ አማች!" አለ። "እኔም አማት አለችኝ። ከሠርጌ ወዲህ ጀርባዋን እንጂ ፊቷን አላየሁም፤ መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም።" አምኖ ይሁን ወይም ለማመን ፈልጎ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኮኮናት ቆርጠን ሰጠናቸው፤ ጠጥተው፣ አመስግነው ሄዱ።

ጀልባዋ ከዓይን ስትሰወር ፒታሉ ከተደበቀበት ዘሎ ወጣ። "አያችሁ? አያችሁልኝ? እንዲያውም ልክ ስሟን ልጠራ ስል—"

"ዝም በል!" አለች ፊሎሜና። "አማትህ ቆማለች።"

"ወታደሮቹ እኮ ሄደዋል!"

"እናቴ ግን አልሄደችም። በሰው ሁሉ ፊት እናቴ ናት ብያለሁ፤ አንተም በሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ ብለህ አልፈሃታል።" ድምፏ ተሰበረ። "እኔን የወለደችኝ ጡት ሳልጥል ነው የሞተችው። እናት ብዬ የጠራሁት ሰው የለም። አሁን አገኘሁ። በአንተ አፍ ምክንያት አላጣትም።"

ፒታሉ ክልክሉ ይነሳልኝ ብሎ ነገሩን ለሽማግሌዎች አቀረበ። ዛፍ ሥር ተቀመጡለት። ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁላችንም ረዥም ንግግር እንደሚመጣ አውቀን ተመቻቸን። ይኼኔ ኦናንኮ በእርጋታ መጣችና መካከል ላይ ተቀመጠች። ፒታሉ አያት፤ ጎንበስ አለ፤ ወጣ። ተከሳሽ ባለበት የሚከራከር ከሳሽ ስለጠፋ ሸንጎው በዚያው ተበተነ። ማታውኑ እንደ ልማዳችን አሳማ ታረደ፤ ኦናንኮ የጎሳችን ሴት ሆነች።

ከዚያ በኋላ ፒታሉ በገዛ ቤቱ ስደተኛው እሱ ሆነ። አሎይስ ቤቱን ለሁለት የሚከፍል ግድግዳ በቀርከሃ ሠራ። ፒታሉ የሚገባው በጓሮ፣ የሚበላው ታንኳ ማሳደሪያው ውስጥ ነው። አሮጊቷ ባለችበት ሁሉ አፉን ይይዛል፤ አሮጊቷ ደግሞ የሌለችበት ቦታ የለም።

"ባሕር ካየሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሩ ቀን አላየሁም" ትለኛለች ኦናንኮ።

ግን አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ ሳይነጋገሩ እንዴት ይዘለቃል? ፒታሉ ዘዴ አገኘ። ግድግዳው ሥር አንድ ቢጫ ጀሪካን ነበር። እሱን ያናግራል።

"ጀሪካን፣ ነገ ዝናብ አለ፤ ልብስ የሚያሰጣ ሰው ካለ እንዳያሰጣ።"

ከወዲያ በኩል ኦናንኮ ትመልሳለች። "ጀሪካን፣ ዝናቡን እኛም አይተነዋል። ይልቅ ያ ሰውዬ ትናንት ያመጣው ዓሣ አጥንት ብቻ እንደሆነ ንገረው።"

"ጀሪካን! አጥንቱን ያበዛችው የጠበሰችው ሴት ናት!"

ፊሎሜና ውሃ ለመቅዳት ጀሪካኑን ስታነሳ ሁለቱም አኩርፈው ዝም ይላሉ። መልካም ጊዜ ነበር፤ ማዶ ያለው ነጎድጓድ ባይሰማ ኖሮ።

አንድ ቀን ከሰዓት ኦናንኮና ፊሎሜና ጎደሬ እየላጡ ያወራሉ። ፒታሉና እኔ ከግድግዳው ወዲህ መረብ እንጠግናለን። መኖራችንን አላወቁም። ኦናንኮ ስለ ትልቁ ልጇ ተናገረች። መንደራቸው ሲቃጠል ሁሉም ወደ ጫካ ሸሹ፤ እሱ ግን እናቱ የምትወደውን የጎደሬ ተክል ሊያመጣላት ተመለሰ። ጆንያውን ሞልቶ ለአሎይስ አቀበለ። ከዚያ የቀረውን ላምጣ ብሎ ሄደ። አልተመለሰም።

"አትሂድ ብዬው ነበር" አለች። "'እማ፣ ወዲያው ነው የምመለሰው' አለኝ።"

ፒታሉን አየሁት። መረቡ በእጁ ላይ ቀርቷል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ክልክሉ ይሁን ሌላ ነገር የያዘው እንጃ። ወደ ጀሪካኑ ዞሮ አየ። ተነስቶ ወጣ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ከአትክልቱ በኩል የቁፋሮ ድምፅ ሰማን። ፒታሉ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አፈር ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ያርማል። አረም የመሰለውን ሁሉ እየነቀለ ከአጥሩ ውጭ ይከምራል። ሁለት መደብ ሙሉ አጽድቷል። የነቀለው ጎደሬውን ነበር። ሣሩ በሙሉ በክብር ቆሟል።

ኦናንኮ መጣች፣ አየች። ፒታሉ ጎንበስ አለ። ሩፊና እጇን ራሷ ላይ ጫነች። እኔ ጩኸት ጠበቅኩ።

አሮጊቷ ከክምሩ አንድ ጎደሬ አንስታ አፈሩን አራገፈች። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሳ ጀሪካኑን በእጇ አንጠልጥላ አመጣችና አትክልቱ መካከል አስቀመጠችው።

"ጀሪካን" አለች፣ "ለዚያ ሰውዬ ጎደሬውን መልሶ እንዲተክል ንገረው። ሥሩን ወደ ታች። ወደ ታች በለው፣ ይህንንም ላያውቅ ይችላልና።" ድምፏ ግን የቁጣ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ አብረው ተከሉ፤ እሷ በአንዱ ጫፍ፣ እሱ በሌላው፣ ጀሪካኑ በመካከል።

ከጊዜ በኋላ ጦርነቱ በረደና መንገዱ ተከፈተ የሚል ወሬ መጣ። ኦናንኮ በአገሬ አፈር ልሙት አለች። ፊሎሜና ለቀናት አለቀሰች፤ ጎረቤት ሁሉ አብሮ አለቀሰ። ፒታሉ ለጀሪካኑ "እኔ ነኝ የማሻግራቸው" ብሎ ነገረው።

በሞተር ጀልባ ሄድን። ኦናንኮ ከፊት፣ ፒታሉ ከኋላ መሪው ላይ፣ እኛ ከጆንያው፣ ከነዳጁና ከቢጫው ጀሪካን ጋር በመካከል። አሮጊቷ አሁን ዓይኗን አትጨፍንም። ግማሽ መንገድ ላይ ፀሐዩ የፒታሉን ዓይን ሲወጋው ከፊት ትልቅ ግንድ ተንሳፍፎ መጣ።

"ጀሪካን!" ብላ ጮኸች ኦናንኮ። "ግራ በለው!"

ፒታሉ ወደ ግራ ጠመዘዘ። ግንዱ ጎናችንን ታክኮ አለፈ። ከዚያ እስከ ማዶ ድረስ አሮጊቷ እጇን እየዘረጋች ስትመራ፣ የባሕር ሊቁ ፒታሉ ያለ አንድ ቃል እየታዘዘ ነዳ።

ዳርቻው ላይ ስንወርድ ኦናንኮ ከስንቋ የተቀቀለ ጎደሬ አወጣች፤ ለሁለት ገመሰች፤ ግማሹን በገዛ እጇ ለፒታሉ ዘረጋች። አማት በእጇ ካጎረሰች ክልክሉ ተነሳ ማለት ነው።

"ብላ" አለችው። "ፊቴን እየው። አሁን ተናገር።"

ፒታሉ አላመጠ። ዋጠ። እኛ የሚሆነውን ስለምናውቅ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን።

"እናቴ" አላት። እንባው መጣ። "ስለ ልጅዎ ሰምቻለሁ። ያን ዕለት አንድ ነገር ልልዎት ፈልጌ..." ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ እንደ ተደረመሰ ግድብ ሆነ። "ያ ዓሣ ደግሞ አጥንት ብቻ አልነበረም! በሕይወቴ አጥንት ዓሣ ይዤ አላውቅም! ታንኳ ማሳደሪያው ውስጥስ ስበላ ጉንዳን እንደ በላኝ ያውቃሉ?"

በውስጡ የከረመውን ሁሉ አወጣው። እስኪጨርስ ድረስ ባሕሩ ከዳርቻው ሸሸ፤ ጀልባችን አሸዋ ላይ ቀረች። ኦናንኮ ግን ሁሉንም ሰማችው።

"ጨረስክ?" አለችው።

"ለዛሬ።"

"እንግዲያው ጆንያውን ተሸከም። ቤቴ እላይ ነው።"

ፒታሉ ቀና ብሎ ተራራውን አየ። ከኮኮናት ዛፍ በላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ራሱ እየዞረበት፣ ቅርንጫፍ እየያዘ፣ በአራት እግሩ እየዳኸ ወጣ። እዚያም አሎይስ ቤቱን ሠርቶ ጣራ እስኪያለብስ ድረስ ቋሚ ሲያቀብል ከረመ። እኔ ቀደም ብዬ ተመለስኩ።

እሱ ሲመጣ ፊሎሜና ውሃው ውስጥ ድረስ ገብታ ተቀበለችው። ከስቷል፤ እግሩ ተላልጧል።

"እናቴ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት" አለ ፒታሉ፣ ገመዱን እያሰረ። "ግን በጣም ታወራለች። አንዲት ቃል አላስገባችኝም።"